ክኒኑ ድንበር ይሻገራል፣ ማዘዣው ግን አይሻገርም

አንዲት እናት የአሥር ዓመት ልጇን ይዛ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ መጣች እንበል። ማረፊያዋ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩት ታላቅ እህቷ ቤት ነው፤ ሥልጠናዋ ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ። ልጁ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ ቅብጥብጥነት፣ በእንግሊዝኛ አሕጽሮቱ ኤዲኤችዲ የሚባለው ችግር አለበት። በየጠዋቱ አንድ የሜቲልፌኒዴት ክኒን ይወስዳል። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከአዲስ ቋንቋና ከአዲስ መምህር ጋር መላመድ በጀመረበት ሰሞን፣ ብልቃጡ ውስጥ የቀሩት ክኒኖች አሥር ብቻ ሆኑ። እናት የአዲስ አበባውን ሐኪም ማዘዣ ይዛ በጆርጂያ ጎዳና ወደሚገኝ መድኃኒት ቤት ታመራለች። ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ተመልክቶ በትሕትና ይመልስላታል።

እናቲቱ በምናብ የተፈጠረች ናት፤ የገጠማት ችግር ግን እውነተኛ ነው። በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። ለትምህርት፣ ለሥራና ለቤተሰብ ጥየቃ መጥቶ የሚመለሰውም ቁጥሩ ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት ሕይወቱን የሚመራ ሰው ከመነሳቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ።

ፋርማሲስቱ ለምን እምቢ አለ?

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ንጥረ ነገሮች የሕክምና ጥቅማቸውንና ሱስ የማስያዝ አቅማቸውን እየመዘነ በአምስት መደብ ይከፍላቸዋል። ሪታሊንና ኮንሰርታ በሚሉ የንግድ ስሞች የሚታወቀው ሜቲልፌኒዴት፣ እንዲሁም በአዴራል ውስጥ ያለው አምፌታሚን፣ ከሞርፊን ጋር በሁለተኛው መደብ ተመዝግበዋል። ለሕክምና ከተፈቀዱት መካከል ቁጥጥሩ እጅግ የጠበቀው በዚህ መደብ ላይ ነው። መድኃኒቶቹን ማዘዝ የሚችለው ከግዛቱ የሙያ ፈቃድ ያገኘና በፌዴራሉ የአደገኛ መድኃኒቶች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው። የአዲስ አበባው ሐኪም የቱንም ያህል አንጋፋ ቢሆኑ ይህ ምዝገባ የላቸውም። ፋርማሲስቱ የሐኪሙን ዕውቀት አልተጠራጠረም፤ ሕጉ እጁን ይዞታል።

ጥብቅነቱ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሁለቱንም መድኃኒቶች በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር አድርጓቸዋል። በኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙት በልዩ ማዘዣ ነው።

በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራሉ?

መድኃኒቶቹ አዲስ ግኝቶች አይደሉም። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ አምፌታሚን ለተሰጣቸው ሕፃናት የትምህርት ዝንባሌያቸው መሻሻሉን የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር። ሜቲልፌኒዴት በ1944 በስዊዘርላንድ ተቀመመ። ቀማሚው ሊያንድሮ ፓኒዞን ሪታሊን የሚለውን ስም ያወጣለት በባለቤቱ በሪታ ስም ነው።

ሁለቱም በአንጎል ሴሎች መካከል ያለውን የዶፓሚንና የኖርኤፒኔፍሪን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። በእነዚህ ኬሚካሎች አማካይነት አንጎል አንዱን ነገር ይዞ ሌላውን መተው ይቀልለዋል። ፈጥኖ የሚለቀቀው ሜቲልፌኒዴት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ኮንሰርታ ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ያህል ይሠራል። በሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ስለማይቆይ ክኒኑ ያለቀ ዕለት ጥቅሙም ያበቃል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ጫት ነው። በትኩስ ጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን በኬሚካል አወቃቀሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ዝምድናው ግን ጫትን መድኃኒት አያደርገውም፤ መጠኑ አይለካም፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ይጨምራል። ከዚህም በላይ አሜሪካ ካቲኖንን ለሕክምና ፈጽሞ ባልተፈቀዱት፣ በአንደኛው መደብ ውስጥ አስገብታዋለች። መድኃኒቱ ሲያልቅ በጫት ልተካው ማለት በጤናም በሕግም አደጋ ነው።

ከቦሌ ከመነሳት በፊት

የውጭ አገር ተጓዥ በሕጋዊ መንገድ ያገኘውን መድኃኒት ለራሱ ሕክምና ይዞ ወደ አሜሪካ መግባት ይችላል። መድኃኒቱ ከፋርማሲ በወጣበት ዕቃ፣ ስም ከተጻፈበት መለያው ጋር መሆን አለበት፤ ለጉምሩክ ሠራተኛም መገለጽ ይኖርበታል። መጠኑ ከ90 ቀን ፍጆታ እንዳይበልጥ ይመከራል። ክኒኖችን ለቦታ ቁጠባ ሲባል በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ንጹሑን ሰው ተጠርጣሪ ያደርገዋል።

ከክኒኑ እኩል ዋጋ ያለው የሐኪም ደብዳቤ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ምርመራው መቼና እንዴት እንደተደረገ፣ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠን፣ ቀደም ሲል የተሞከሩትን፣ የልጁን ክብደትና የደም ግፊት የሚዘረዝር ደብዳቤ ያስፈልጋል። የመምህራን አስተያየት ቢታከልበት ይበልጥ ይጠቅማል። ደብዳቤው ማዘዣ አይሆንም፤ አዲሱ ሐኪም ግን ከዜሮ እንዳይጀምር ይረዳዋል።

ወንዙ የሚለያቸው ሁለት ግዛቶች

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በመኪና ቅርብ ናቸው፤ በሕግ ግን የተለያዩ ግዛቶች ናቸው። በቪዲዮ የሚደረግ ሕክምና ላይ ሐኪሙ ፈቃድ ሊኖረው የሚገባው ታካሚው በዚያች ሰዓት በተቀመጠበት ግዛት ነው። እናት ልጇን ከእህቷ ቤት ሆና በስልክ የምታሳክም ከሆነ ሐኪሙ የሜሪላንድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሜሪላንድ የታዘዘ መድኃኒት በቨርጂኒያ ሊወጣ ይችላል፤ ሆኖም ማዘዣው ተገቢ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት የፋርማሲስቱም ስለሆነ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ሐኪምንና መድኃኒት ቤትን በአንድ ወገን ማድረግ ብዙ ድካም ያስቀራል።

መድኃኒቱን የግድ የአእምሮ ሐኪም ማዘዝ የለበትም፤ የሕፃናት ወይም የቤተሰብ ሐኪምም ያዝዛል። መድን ለሌለው ሰው በገቢው ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት አሉ፤ ሜሪስ ሴንተር በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኔበርሁድ ኸልዝ ደግሞ በአሌክሳንድሪያ ይገኛሉ። ቀጠሮ ሲያዝ አነቃቂ መድኃኒት ያዝዙ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ የአማርኛ አስተርጓሚም በነፃ እንዲቀርብ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። ልጁ ለእናቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይመከርም። በጄ-1 ቪዛ የሚመጡ ሰዎች የጤና መድን የመግዛት ግዴታ አለባቸው፤ ነገር ግን ደንቡ መድን ሰጪው ቀድሞ ለነበረ ሕመም የመጠበቂያ ጊዜ እንዲያስቀምጥ ስለሚፈቅድ፣ ውሉን ከመፈረም በፊት ማንበብ ያሻል።

ማዘዣው ከተገኘ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። የሁለተኛው መደብ ማዘዣ አንዴ ከተሠራበት አይታደስም፤ በየጊዜው አዲስ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ከፈቀደ ግን በድምሩ እስከ 90 ቀን የሚበቁ ተከታታይ ማዘዣዎችን በአንድ ጊዜ ሊጽፍ ይችላል። የመድኃኒት እጥረትም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የአዴራልን እጥረት ይፋ ያደረገው በጥቅምት ወር 2022 ሲሆን፣ ሌሎቹም አነቃቂዎች በተከታዮቹ ጊዜያት እየጠፉ ታይተዋል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ አንዱ መድኃኒት ቤት ዕቃው ከሌለው፣ በኤሌክትሮኒክስ የተላከውን ማዘዣ አንድ ጊዜ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት እንዲያስተላልፍ ተፈቅዷል። ይህን የማያውቅ ታካሚ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ቀናት ያባክናል።

በመሐል መድኃኒቱ ቢቋረጥ

ሜቲልፌኒዴት ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ በአብዛኛው ለሕይወት አያሰጋም፤ የሚመለሱት የኤዲኤችዲ ምልክቶች ናቸው። አምፌታሚን በከፍተኛ መጠን ሲወስድ የቆየ ሰው ግን ድካምና የስሜት መውረድ ሊገጥመው ይችላል። ክሎኒዲንና ጉዋንፋሲን የሚባሉትን መድኃኒቶች በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ የደም ግፊት በፍጥነት ሊያሻቅብ ይችላል። እነዚህ ሁለቱና አቶሞክሴቲን በሁለተኛው መደብ ስለማይገኙ ማግኘታቸው ይቀላል። ሐኪም በጊዜያዊነት ሊያዛቸው ይችላል፤ ይሁን እንጂ አቶሞክሴቲን ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ያመለጠውን ቀን ለማካካስ መጠኑን በእጥፍ መውሰድ አይገባም።

ሁለት አቋራጮች ደግሞ ፈጽሞ ሊሞከሩ አይገባም። አንደኛው ዘመድ ከአገር ቤት ክኒኑን በፖስታ እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ተመሳሳይ መድኃኒት ከሚወስድ የጎረቤት ልጅ መበደር ነው። ሁለቱም ሕግ መጣስ ናቸው። አንዱ ለሌላው ቢደርስ ወገኑ የሆነው ማኅበረሰባችን ቡናንና እንጀራን እንደሚካፈል ይህንንም በቅንነት ሊካፈል ይችላል፤ ለአንዱ ልብ የተመጠነው ክኒን ግን ለሌላው ልብ አልተመጠነም።

ትምህርት ቤት የሚሰጠው እገዛ

መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ ልጁ ያለ ድጋፍ መቆየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 ትምህርት ቤቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፦ ከፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ መስጠት፣ መመሪያን ከፋፍሎ መንገር። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ቤት ልጁን ለመቀበል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት እንዲወስድ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ አይችልም። መድኃኒት መስጠት ወይም አለመስጠት የወላጅና የሐኪም ውሳኔ ነው።

ይህ በእኛ ዘንድ ልዩ ትርጉም አለው። ወንበሩ ላይ የማይረጋ ልጅ ብዙ ጊዜ አሳዳጊ የበደለው እየተባለ ያድጋል፤ እናትም ነውሩን ትሸከማለች። አገር ቤት የሕፃናት አእምሮ ሐኪሞች ጥቂት በመሆናቸው፣ ብዙ ወላጆች የችግሩን ስም የሚሰሙት አሜሪካ ሲደርሱ ከመምህር አንደበት ነው። ሕክምናውን እዚህ የጀመረ ልጅ ሲመለስ ደግሞ ፈተናው ይገለበጣል። በአሜሪካ የተለመደው ክኒን በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች ላይገኝ ስለሚችል፣ የመመለሻው ቀን ሳይደርስ ከአገር ቤት ሐኪም ጋር መማከር ይገባል።

የምናባዊቷ እናት ችግር መፍትሔ ያለው ነው። ደብዳቤውን ይዛ፣ በደረሰች በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ ብትጠይቅ ኖሮ ስድሳዎቹ ወይም ዘጠናዎቹ ቀናት ሐኪም ለማግኘት በበቋት ነበር። አሥር ክኒን ሲቀር የተጀመረ ፍለጋ ግን ልጁን ትምህርቱ በጠነከረበት ሰሞን ያለ መድኃኒት ያስቀረዋል። ስለዚህ ለጉዞ የሚሰናዳ ቤተሰብ ክኒኑን ሲቆጥር፣ ቀጠሮ ለማግኘት የሚፈጀውንም ቀን አብሮ ይቁጠር።