ባለሜዳ የጠፋበት ጨዋታ

እሁድ ግንቦት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ ሊሎንግዌ ላይ ማላዊን ገጥመው 2 ለ 1 ተሸነፉ። ማላዊ ባለሜዳ፣ ኢትዮጵያ እንግዳ ነበረች። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ሰኔ 2፣ ኢትዮጵያ እዚያው ቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም፣ እዚያው ሣር ላይ፣ ግብፅን «በሜዳዋ» አስተናገደች። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አንድ አንድ ጎል አገቡና ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። መሐመድ ሳላህ በጉዳት አልተሰለፈም፤ ቢሆንም ግብፅ ግብፅ ናት። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ከስታዲየም እስከ ፒያሳ የሚተኛ ሰው አይገኝም ነበር።

እስቲ ያን ሐሙስ ተጓዡ ደጋፊ ማን እንደነበረ እንጠይቅ። ከካይሮ የመጣው ግብፃዊ አገር አቋርጧል፣ ሆቴል ፈልጓል፣ ገንዘብ መንዝሯል። ከአዲስ አበባ የሄደ ኢትዮጵያዊ ካለ እሱም እንደዚያው። ሁለቱም እንግዶች ናቸው፤ እንግዳ ተቀባዩ ግን በጨዋታው የሌለበት ሦስተኛ አገር ነው። ይህ አንድ ጊዜ ቢደርስ እንደ ጉድ ተወርቶ ይረሳ ነበር። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ግን ከ2013 ወዲህ በሁለት በኩል፣ በብሔራዊ ቡድኑም በሊጉም፣ ባለሜዳና እንግዳ የሚባለውን ነገር ቀስ በቀስ አጥፍቶታል።

በብሔራዊ ቡድኑ በኩል ያለው ታሪክ የሚጀምረው ባሕር ዳር ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ማዳጋስካር እዚያ መጥታ 4 ለ 0 ተሸንፋ ተመልሳለች፤ ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ የተገባው በዚያ ድል ጉልበት ነው። ጳጉሜን 2 ላይ ዚምባብዌ 1 ለ 0 ተሸነፈች፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸንፋን ሄደች። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው። መስፈርቱ የሣሩን ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የመብራቱን፣ የሕክምናና የጋዜጠኞች ክፍሉን፣ የተመልካቹን ወንበር ሁሉ ይነካል። አዲስ አበባ ስታዲየም ያኔ ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ኅዳር 2 ቀን 2014 ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ ባለው ኦርላንዶ ስታዲየም ሆነ። ጌታነህ ከበደ በቅጣት ምት አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያየን።

ካፍን መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን አልወቅስም። በዚያ ሰሞን ስታዲየማቸው የታገደባቸው የአፍሪካ አገሮች ብዙ ናቸው፣ ወንበር የሌለው ስታዲየም ውስጥ ሰው አጭቆ ማስገባትም ጀግንነት አይደለም። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። በ1949 ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 መርተውታል። የአፍሪካን ዋንጫ በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ሦስት ጊዜ አዘጋጅተናል። ይህን ሁሉ የቆጠረ አገር ለአንድ የማጣሪያ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ ፍለጋ በአህጉሩ በየጥጉ ዞሯል፤ ሊሎንግዌ፣ ዳሬሰላም፣ ማፑቶ፣ ኤል ጃዲዳ፣ ካዛብላንካ። መጋቢት 2017 ላይ ግብፅን ካዛብላንካ «አስተናግደን» 2 ለ 0 ተሸነፍን። በዚያው ሳምንት ጅቡቲን 6 ለ 1 አሸነፍን፣ እዚያው ሞሮኮ። አዲስ አበባንና ጅቡቲን የሚያገናኝ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ አለ፤ ደጋፊ ተሳፍሮ የጎረቤቱን ቡድን ሊያይ የሚችልበት መንገድ ማለት ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን የተጋጠሙት አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ሄደው ነው።

በእነዚህ ጨዋታዎች ቡድኑን ያየው ሰው በብዛት ከአገር ቤት የተነሳ አይደለም፤ እዚያው በስደት የሚኖረው ነው። በደቡብ አፍሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ለዚህ ቀድሞም የተዘጋጀ ነበር። ጥር 13 ቀን 2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ኔልስፕሩት፣ ምቦምቤላ ስታዲየም፣ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። (ጥር 13 ቀን 1954 ደግሞ ግብፅን አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያነሣንበት ዕለት ነው፤ 51 ዓመት ሙሉ፣ ቀን ሳይዛነፍ።) ከጆሃንስበርግ ኔልስፕሩት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጆሃንስበርግ መሀል ጄፒ ጎዳና አካባቢ የሚነግደው፣ በየጥቁሮች መንደሩ፣ በየሎኬሽኑ፣ ሱቅ ያለው፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ በየብስ ተጉዞ የደረሰው ወጣት ስታዲየሙን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሞላው። ሱቅ መዝጋት ማለት የዕለት ገቢ መተው ነው። በ2000 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ላይ የተነሣው ጥቃት ብዙ የኢትዮጵያውያን ሱቆችን አውድሟል፤ ከዚያ በኋላ በአዘቦት ቀን ባዕድነቱን ላለማሳየት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚኖር ሰው፣ ያን ቀን ባንዲራ ለብሶ በአደባባይ ጮኸ።

ስለዚያ ጨዋታ ሲወራ ግማሹ ይዘለላል። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ከእኛ በኩል ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳው ዘነበ። በአሥር ሰው ተጫውተን አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ጎል 1 ለ 1 መለያየታችን ስለሚያኮራ፣ ውርወራው ከትዝታችን ወጣ። ተጓዥ ደጋፊ ግን ሁለቱንም ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ሌሊቱን የሚጓዘውም፣ ጠርሙስ የሚወረውረውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ያልተቀበለ የእግር ኳስ አስተዳደር ወይ ደጋፊውን ያሞካሸዋል፣ ወይ ይከለክለዋል። እኛ ሁለተኛውን መረጥን።

ወደ ሊጉ እንምጣ። እስከ 2012 ድረስ ክለቦቻችን በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ ይጫወቱ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ካምቦሎጆ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ገብቶ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ እያለ ቦታውን ይመርጣል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ስታዲየሙ ገና በጠዋት ይሞላል። የክፍለ ሀገሩ ጉዞ ግን ሌላ ዓለም ነበር። የደጋፊ ማኅበሩ መዋጮ ይሰበስባል፣ ቅጥቅጥ ወይም አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይኮናተራል፣ ከበሮው ከፊት ይጫናል። የፋሲል ከነማ ደጋፊ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል። የወላይታ ድቻ ደጋፊ አርባ ምንጭ ይወርዳል። ሐዋሳ የሄደ አሞራ ገደል ዓሣ ሳይበላ አይመለስም። የሚዘፈነው ዘፈን ግማሹ ስድብ ነው፣ ስድቡም ቢሆን ግማሹ ጨዋታ ነው። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሶዶ ለመሄድ ሌላ ምንም ምክንያት ያልነበረው ወጣት ከተማውን ያየው በዚህ ሰበብ ነው። መንግሥት «የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት» ብሎ አበል ከፍሎ የሚያዘጋጀውን ጉዞ ደጋፊው በራሱ ኪስ ያደርገው ነበር።

የኋላ ኋላ መንገዱ ተበላሸ። በኅዳር 2010 ማብቂያ ወልዲያ ከመቐለ ከተማ ጋር ልትጫወት በነበረበት ዕለት ግጭት ተነሥቶ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። የወልዲያ ስታዲየም ከተመረቀ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የፖለቲካው ትኩሳት ማሊያ ለብሶ ስታዲየም ገባ፤ ክለቡ የከተማ መሆኑ ቀርቶ የክልል፣ ከዚያም የብሔር ሆኖ ተቆጠረ። አንዳንድ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ተወሰዱ፣ አንዳንዶቹ ተራዘሙ። በ2010 የጸጥታ ችግሩ በርትቶ ሊጉ ራሱ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ያኔ ለእንግዳ ደጋፊ አውቶቡስ መኮናተር የሚያስፈራ ነገር ሆነ፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ሰው ሞቷል፣ አካሉ የጎደለም አለ። የጉዞውን ውበት የሚያነሣ ሁሉ ይህን መዝለል የለበትም።

ቀጥሎ ኮሮና መጣ፤ የ2012 ውድድር ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር ሥር ሆኖ፣ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል የተባለለትን የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ከዲኤስቲቪ ጋር ይዞ ተመለሰ። አመላለሱ ግን በአዲስ መልክ ነው። ክለቦች ሁሉ አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ ጥቂት ሳምንት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ተጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለወረርሽኝና ለካሜራ የተመቸ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን አሠራሩ እንዳለ ቀጠለ፤ ዓመታትም ዘለቀ።

ለምን እንደቀጠለ መገመት አያዳግትም። ካሜራው፣ ዳኛው፣ ፖሊሱ አንድ ቦታ ነው። በሥርጭት የሚታይ ደህና ሣር ያላቸው ሜዳዎች ጥቂት ናቸው። ከሁሉ በላይ፣ የሚጓዝ ደጋፊ ከሌለ የሚጋጭ ደጋፊ የለም። ሰላም ተገኘ፤ ሰላሙ የተገኘው ግን እንግዳንና አስተናጋጅን አስታርቆ ሳይሆን ሁለቱንም ከሥፍራው አንሥቶ ነው። የአርባ ምንጭ ክለብ ከወልቂጤ ክለብ ጋር ድሬዳዋ ላይ ሲጫወት ስታዲየሙ ውስጥ ማን ይጮኻል? የድሬዳዋ ልጅ ለየትኛው ያጨብጭብ? ክለቡን ልከተል የሚል ሰው አንድ ቅዳሜ አይበቃውም፤ ለሳምንታት ሆቴል መያዝ አለበት። ያን የሚችለው ክለቡ ራሱ ብቻ ነው፣ እሱም በጀቱ እየተራቆተ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብያለሁ። የ2016ን ዋንጫ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ን ኢትዮጵያ መድን ወሰዱ። ሁለቱም በሜዳ ብልጫ ያገኙት ነው፣ ማንም አይነጥቃቸውም። ሁለቱም ግን ከኋላቸው ከተማ የሌላቸው፣ አውቶቡስ የሚሞላ ደጋፊ የማይከተላቸው የተቋም ክለቦች ናቸው። ጎንደር ላይ በአጼዎቹ፣ በፋሲል ከነማ፣ ደጋፊ ፊት፣ ሶዶ ላይ በጦና ንቦቹ፣ በወላይታ ድቻ፣ ፊት መጫወት ቢኖርባቸው ሠንጠረዡ ይለወጥ ነበር አልልም። ያ ፈተና ግን ከውድድሩ ወጥቷል፤ የጊዮርጊስና የቡና ጩኸትም አብሮ ወጥቷል።

እንግዳ ደጋፊን መከልከል የእኛ ፈጠራ አይደለም። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 አንድ የላኑስ ክለብ ደጋፊ ላ ፕላታ ላይ ከሞተ በኋላ ተጓዥ ደጋፊን በመላ አገሪቱ አገደች። ሰውየው የሞተው በተቃራኒ ደጋፊ እጅ ሳይሆን በፖሊስ የጎማ ጥይት ነበር፤ ቅጣቱ ግን የወረደው በደጋፊው ላይ ነው። ክልከላው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 በተመረጡ ጨዋታዎች ጥቂት ጥቂት ይከፈት ጀመር፤ በእነዚያ ዓመታትም የደጋፊ ቡድኖች ጠብ አልቆመም፣ የአንድ ክለብ ደጋፊዎች እርስ በርስ መጋጨታቸውን ቀጠሉ። እንግሊዝ ሌላውን መንገድ ይዛለች። በፕሪሚየር ሊጉ ለእንግዳ ደጋፊ እስከ 3,000 ወንበር፣ ስታዲየሙ ትንሽ ከሆነ የወንበሩ አሥር በመቶ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ የትኬቱ ዋጋ ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ በደግነት የተሰጠ አይደለም፤ ደጋፊዎች ሰልፍ ወጥተው፣ ዓመታት ተከራክረው ያገኙት ነው። ክለቦቹም ቢሆኑ እንግዳው የሌለበት ስታዲየም በቴሌቪዥን ሲታይ የቀዘቀዘ እንደሚሆን ያውቁታል።

የእኛን ለመመለስ በአንድ ጊዜ ሁሉንም መክፈት አያስፈልግም፤ አይቻልምም። ከአጭሩ መንገድ መጀመር ይቻላል። አዲስ አበባና አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር አይራራቁም፣ በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። ሐዋሳ ከነማና ሲዳማ ቡና አንድ ከተማ ይጋራሉ፤ ሶዶና አርባ ምንጭ ጎረቤት ናቸው። ለእነዚህ ጨዋታዎች ለእንግዳው አምስት መቶ ትኬት፣ በደጋፊ ማኅበሩ በኩል፣ በስም ተመዝግቦ ይሰጥ። ማኅበሩ ሰዎቹን ያውቃቸዋል፤ ከፖሊስ ይልቅ እሱ አደብ ያስገዛቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች ውስጥ አንዱ ይበላሻል፤ ይህን ከወዲሁ አስቦ፣ ያጠፋውን ክለብ ለይቶ መቅጣት እንጂ ሊጉን መልሶ ወደ አንድ ከተማ መጠቅለል መፍትሔ አይሆንም።

የስታዲየሙም ጉዳይ አለ። በ2008 የተጀመረውና ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ዓመታት ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲሰበሰብ ደግሞ ኢትዮጵያ የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት ጥያቄ አቅርባለች። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ክብር ትሪቡኑ ብዙ ሲነገር እሰማለሁ። ስለ እንግዳ ደጋፊው ክፍል ግን አንድም ሰው ሲያነሣ አልሰማሁም፤ አውቶቡሱ የት ይቆማል፣ በየትኛው በር ይገባል፣ የራሱ መጸዳጃ ቤትና የራሱ መውጫ አለው ወይ። ይህ ገና ግንባታው ሳያልቅ ቢለይ በእቅዱ ላይ አንድ መስመር ማስመር ብቻ ነው። ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን እንደ ድሮው ሽቦ መዘርጋትና መሀሉ ላይ ፖሊስ ማሰለፍ ይመጣል።