በብርዳማ አገር ላሉ አጥቢያዎች፦ አትክልትን በመብራት ብርሃን ስለ ማልማት

ታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ፣ የጾመ ነቢያት ወራት ሳይፈጸም፣ በአዲስ አበባ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ትቆያለች። በዚያው ዕለት በሚኒያፖሊስ የሚኖር ምእመን የሚያገኘው የቀን ብርሃን 9 ሰዓት አይሞላም፤ በስቶክሆልም ያለው ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ያያል። ያችም ጥቂት ብርሃን ከአድማስ ብዙ ከፍ ሳትል በመስኮት ገብታ ትወጣለች። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ያሉ የሰበካ ጉባኤ አባላት በአዳራሻቸው ሥር ያለውን ባዶ ምድር ቤት እየተመለከቱ፣ «መብራት ሰቅለን ጎመን፣ ሰላጣና በሶብላ ብናለማ ያዋጣናል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚወጣው ገንዘብ የምእመናን መባ በመሆኑ፣ መልሱ በስሌት የተደገፈ ሊሆን ይገባል።

በቅድሚያ በአገር ቤት ላሉ አጥቢያዎች አንድ ቃል እንበል። ለእነርሱ ይህ መብራት አያስፈልግም። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሰማይ በነጻ የሚወርደውን ብርሃን የሚተካከል መብራት ለመግዛት የትኛውም ደብር አቅም የለውም። በአገራችን እንዲህ ያለ መብራት ቦታ ያለው በምርምር ማዕከላት የቲሹ ካልቸር ክፍሎች ውስጥ ነው። ለደብር ግን ለመብራት የታሰበው ገንዘብ ለውኃ ማጠራቀሚያና ለጥሩ ዘር ቢውል ይሻላል።

ወደ ብርዳማው አገር እንመለስ። የሰው ዐይን የሚያደንቀው ብርሃንና ቅጠል የሚመገበው ብርሃን በአንድ መለኪያ አይለኩም። በመደብር አምፖል ላይ የሚጻፈው «ሉመን» የዐይናችንን ስሜት የሚናገር እንጂ ለተክሉ ምን ያህል እንደሚደርሰው አይነግረንም። ለተክል የሚያገለግለው መለኪያ «ማይክሮሞል» ይባላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሴኮንዱ የሚያርፈውን ቅጠል ሊጠቀምበት የሚችል ብርሃን ይቈጥራል። የቀትር ፀሐይ ወደ 2,000 ማይክሮሞል ትደርሳለች። ነገር ግን ወሳኙ የቅጽበቱ ድምቀት ብቻ ሳይሆን የቀኑ ድምር ነው። ለአንድ ሰዓት የጣለ ዶፍና ቀኑን ሙሉ ያካፋ ካፊያ ጋኑን እኩል ሊሞሉት እንደሚችሉ ሁሉ፣ 200 ወይም 250 ማይክሮሞል የሚሰጥ ለዘብ ያለ መብራት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ ለሰላጣና ለመሰል ቅጠላ ቅጠል በቂ ይሆናል። ቃሪያና ቲማቲም ግን የዚህን እጥፍ ያህል ይሻሉ፤ ስለዚህ በምድር ቤት ባይሞከሩ እንመክራለን።

መብራቱን ሲመርጡ በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቍጥር አይመኑ። «1,000 ዋት» የሚል ጽሑፍ የለበሰ ርካሽ ዕቃ ሲለካ 100 ዋት ያህል ብቻ የሚስብበት ጊዜ አለ። መጠየቅ የሚገባው በእውነት የሚስበው ዋት ስንት እንደሆነና በአንድ ጁል ስንት ማይክሮሞል እንደሚሰጥ ነው። ጥሩ የኤል ኢ ዲ መብራት 2.5 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ቀለሙ ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ወይን ጠጅ የሚመስለው ቀይና ሰማያዊ ድብልቅ ተክሉን ቢያሳድግም፣ ቅጠሉ ቢጫ መሆኑን ወይም በሽታ መያዙን ከዐይን ይሰውራል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 120 ዋት ይበቃል። በ100 ዋት ብናሰላ፣ በቀን 16 ሰዓት ሲበራ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 48 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የአካባቢው ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ከሆነ፣ በወር 7 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይከፈላል። ሰላጣ ከዘር እስከ መቁረጥ ሁለት ወር ቢፈጅና ከዚያች ካሬ ሜትር 20 ራስ ቢገኝ፣ ለአንዱ ራስ የመብራቱ ሒሳብ ብቻ 72 ሳንቲም ነው። የመብራቱ መግዣ፣ አፈርና ማዳበሪያ ገና አልተጨመሩም። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ የኤሌክትሪክ ዋጋ ከዚህ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለመቈጠብ ብሎ ሰላጣ የሚያለማ ኮሚቴ ሊያዝን ይችላል። በገበያ ትኩሱን በቀላሉ ለማያገኙት ለበሶብላና ለጤና አዳም ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ጥቂት ቅጠል ለብዙ ማድጋ ይበቃልና። እኔ ብሆን ከቦታው ገሚሱን ለእነዚህ ሁለቱ እሰጥ ነበር።

በሶብላ ሙቀት ወዳድ ነው። ዘሩ ጥልቅ አፈር አይሻም፤ ከላይ ስስ አፈር ብቻ ይበቃዋል። ክፍሉ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቢሆን ፈጥኖ ይበቅላል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ግን ቅጠሉ ይጠቍራል። ስለዚህ ምድር ቤቱ በሳምንቱ መካከል ሰው ስለሌለ ማሞቂያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ይህ አስቀድሞ መፍትሔ ያሻዋል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲሞላ ጫፉ ቢቀነጠብ ይቀነጥፋል። ጤና አዳም በአንጻሩ ብርዱን ይችላል፤ የሚገድለው ሥሩ ውኃ ላይ መቆሙ ነው። ከቅርንጫፉ ቈርጦ መትከልም ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ፈሳሹ የነካው ቆዳ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ይቈስላል፣ ውኃም ይቋጥራል። በምድር ቤት ሳለ ይህ ላይታይ ይችላል። በበጋ ወደ ደጅ አውጥተው የሚከረክሙት ሰዎች ግን ጓንት ያድርጉ፤ ሕፃናትንም ያርቁ።

መብራቱ ከቅጠሉ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ተክሉ ሲያድግ አብሮ ከፍ እንዲል በሰንሰለት ቢንጠለጠል ይመረጣል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በመጀመሪያ ሙከራው መብራቱን ከጣሪያው ሥር አስጠግቶ ሰቅሎ ነበር። ችግኞቹ ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ቀጥነው ረዘሙ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ተጋደሙ። ብርሃኑ እንዳይባክን ዙሪያውን ግድግዳ ነጭ ቀለም መቀባትም ይጠቅማል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ይገጠምለት፤ በሰው ማስታወስ ላይ የተመሠረተ መብራት በሳምንቱ መካከል ይረሳል። ተክሉም ጨለማውን ይፈልገዋልና ሌሊቱን ሙሉ አይብራ። ውኃ የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ብቻ ይጠጣ። ሁልጊዜ የረጠበ አፈር ትንንሽ ጥቁር ዝንቦችን ይጠራል፤ እነርሱም ወደ አዳራሹ መውጣታቸው አይቀርም።

ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ቀልድ የለም። ሶኬቱ እርጥበት ሲያገኘው ኃይል የሚያቋርጥ ዓይነት ይሁን፤ ከወለሉና ከማጠጫው ስፍራ ከፍ ይበል፤ ማራዘሚያ ገመድ በማራዘሚያ ገመድ ላይ አይቀጠል። ሕንፃው የኪራይ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ ኢንሹራንሱም ይህን ይሸፍን እንደሆነ ይጠየቅ።

ኃላፊነቱ ለሁሉም ከተሰጠ ለማንም አልተሰጠም። ሁለት ሰዎች ይመረጡ፤ ሁለቱም ቁልፍ ይኑራቸው፤ አንዱ ሲጓዝ ሌላው ይተካ። ከሰንበት ት/ቤት ወጣቶች አንዱ የዘሩን ቀን፣ የመብራቱን ከፍታና የተቈረጠውን መጠን በመዝገብ ቢይዝ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለሰበካ ጉባኤው የሚቀርበው ሒሳብ ከግምት ይወጣል። ለዘንድሮው ጾመ ነቢያት መግቢያ፣ ማለትም ለኅዳር 15፣ የመጀመሪያውን ሰላጣ ለመቁረጥ የሚያስብ አጥቢያ ከመስከረም 15 በፊት መዝራት አለበት፤ በሶብላውን ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም አድርጎ።