በሩቅ ያለውን ቡድን ለማየት፤ በሳተላይት ወይስ በኢንተርኔት?

ታላቅ ወንድሜ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚኖረው በአሜሪካ አገር፥ በዳላስ ከተማ ነው። ልጁም እዚያው ተወልዶ አደገ፤ ሥራ ባገኘ ጊዜ ግን ትዳሩን ይዞ ለዋሽንግተን ቅርብ ወደ ሆነችው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ። አባትና ልጅን ከሁሉ ይልቅ ያቀራርባቸው የነበረው የእሑድ የኳስ ጨዋታ ነው፤ ይኸውም እኛ የምናውቀው የእግር ኳስ ሳይሆን፥ አሜሪካኖች እንቍላል የመሰለ ኳስ በእጃቸው ይዘው የሚሮጡበት ፉትቦል ነው። ልጁ ከተማውን ቢለውጥም ልቡ ከዳላስ ካውቦይስ አልተለየም። በ2023 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) የጨዋታው ወራት ሳይጀመር፥ «አባባ፥ እርስዎ የሚያዩትን ጨዋታ እኔም ከዚህ ሆኜ ለማየት 449 ዶላር ልከፍል ነው» ሲል በስልክ ነገረው። ወንድሜም ምክሬን ስለ ጠየቀኝ ነገሩን መረመርሁ፤ ያገኘሁትንም በባዕድ አገር ለሚኖር ሌላ ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እዚህ ጻፍሁት።

በመጀመሪያ፥ የዳላስ ጨዋታ በሲልቨር ስፕሪንግ ስለ ምን በነጻ አይታይም? ማኅበሩ 32 ቡድኖች አሉት፤ እሑድ ከቀትር በኋላም ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይደረጋሉ። በ1961 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቡድኖቹ የቴሌቪዥን መብታቸውን አንድ ላይ አድርገው እንዲሸጡ ስለ ፈቀደ፥ ሲ ቢ ኤስና ፎክስ የሚባሉት ጣቢያዎች ለያንዳንዱ አገር በአቅራቢያው ያለውን ቡድን ያሳያሉ። የቀረውን ማየት የሚወድ ሰው በተለይ ይከፍላል። ይህ አገልግሎት «ሰንደይ ቲኬት» ተብሎ በ1994 ዓ.ም. ተጀመረ። እስከ 2022 ዓ.ም. የጨዋታ ወራት ድረስ ለመኖሪያ ቤቶች ያቀርበው የነበረው የሳተላይቱ ኩባንያ ዳይሬክት ቲቪ ነው፤ ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ወደ ዩቲዩብ ተዛውሮ በኢንተርኔት የሚመጣ ሆነ። በዚያ ዓመት ዋጋው 449 ዶላር፥ ለዩቲዩብ ቲቪ የወር ደንበኞች ደግሞ 349 ዶላር ነበረ። መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ግን ከዚያም ወዲህ በሳተላይት ማሳየታቸውን ቀጠሉ።

ሁለቱም መንገዶች መልካምም ጕድለትም አላቸው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ምድር በምትዞርበት ልክ ስለሚዞር፥ ከታች ሆኖ ለሚያየው ቆሞ እንደሚኖር ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ያለ ሰው ዲሹን ወደ ደቡብ ሰማይ አቅንቶ ቢተክል፥ ዛፍ ወይም ፎቅ ካልከለለው ሥዕሉን ይቀበላል። ተመልካቹ ቢበዛ ሥዕሉ አይጨናነቅም፤ የኢንተርኔት መስመር ላልደረሰበት ገጠርም ይደርሳል። ጕድለቱ ብርቱ ዝናም በጣለ ጊዜ ሥዕሉ መቈራረጡ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ደግሞ ጣራ ላይ መውጣትን አይጠይቅም፤ በኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ይቀላል፤ አራት ጨዋታም በአንድ ጊዜ በአንድ መስኮት ለማየት ያስችላል። ነገር ግን መስመሩ ደካማ ከሆነ ሥዕሉ ይቆማል፤ ደግሞም ሥዕሉ በቍርጥራጭ ተከፍሎ እየተጠራቀመ ስለሚላክ፥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊዘገይ ይችላል። አባት በዳላስ በአንቴና እያየ በስልክ «ገባ!» ብሎ ሲጮኽ፥ ልጁ ገና ኳሱ ሲነሣ ያያል ማለት ነው።

ስለ ዋጋው በፍርድ ቤት ታላቅ ክርክር ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም. አንድ የሳን ፍራንሲስኮ መጠጥ ቤት፥ ማኅበሩ ዋጋውን ያለ አግባብ አስወድዷል ብሎ ክስ አቀረበ፤ በኋላም ክሱ ከ2,000,000 የሚበልጡ ደንበኞችን የሚጠቀልል ሆነ። በሰኔ 2024 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች 4.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ፈረዱ። ጥቂት ሳምንቶች ቈይቶ ግን ዳኛው የጉዳቱ ስሌት በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም ብለው ፍርዱን ሻሩት፤ ከሳሾቹም ይግባኝ አሉ። እንግዲህ ቤተ ሰብ ኪሱን ለመጠበቅ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሚጠባበቅ ይልቅ፥ ራሱ ቢቈጥር ይሻለዋል።

የሚቈጠረውም ይህ ነው። ክፍያው ጨዋታውን ሁሉ አያሳይም። በአገሩ ጣቢያ የሚታየው፥ የኀሙስ፥ የእሑድና የሰኞ ማታ ጨዋታዎች፥ ደግሞም ከመደበኛው ወራት በኋላ የሚደረጉት የማጣሪያ ግጥሚያዎች ከርሱ ውጭ ናቸው። አባትና ልጅ የ2023ን መርሐ ግብር በስልክ አንድ ባንድ አነበቡ። ካውቦይስ 17 ጨዋታ ነበረው። ከዋሽንግተን ቡድን ጋራ የሚጋጠምባቸው ሁለቱ በሲልቨር ስፕሪንግም ይታያሉ፤ የማታዎቹም ለአገሩ ሁሉ ይታያሉ፤ ዝነኛ ቡድን ስለ ሆነም ከቀትር በኋላ ከሚደረጉት ታላላቅ ግጥሚያዎች ብዙዎቹ ለሰፊው አገር ይሰጣሉ። ይህ ሁሉ ሲቀነስ የቀረው ከአምስት አልበለጠም፤ ስለዚህ አንዱ ጨዋታ ወደ 90 ዶላር ሊደርስ ነው።

ልጁ መጀመሪያ ቅር አለው፤ ኋላ ግን አንቴና ብቻ ገዛ። ጨዋታው በሁለቱም ከተማ በሚታይበት እሑድ፥ ሁለቱም በአንቴና ስለሚያዩ ደስታቸው በአንድ ጊዜ ሆነ። በቀሩት እሑዶች ደግሞ ወንድሜ የሚያየውን በስልክ ይተርካል፤ የልጅ ልጁም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፥ «አያቴ፥ ከዚያስ?» እያለ ይጠይቃል። ልጁ ከአያቱ ጋራ እንዲህ ረዝሞ በአማርኛ ሲነጋገር የመጀመሪያው እንደ ሆነ እናቱ ነገረችኝ።

ይህን ማለቴ ማንም አይክፈል ለማለት አይደለም። ቡድኑ በሩቅ ያለና በአገሩ ጣቢያ ከቶ የማይታይለት፥ ቤተኛውም ብዙ የሆነ ሰው ቢከፍል ገንዘቡ አይባክንም። ብቻ አስቀድሞ መርሐ ግብሩን ከቤተ ሰቡ ጋራ ተቀምጦ ይቍጠር፤ የመስመሩንም ብርታት ይፈትን፤ ከዚያ በኋላ ይክፈል።