ሰርተፊኬቱ ከባሕር ማዶ፣ ሥራው ሰበታ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቀን እየሠሩ ማታ ለመማር ለሚያስቡ የባንክና የሒሳብ ሠራተኞች የኦንላይን ትምህርት ትልቅ እፎይታ ነው። ከሥራ በኋላ መሀል አዲስ አበባ ወርዶ መማር፣ በምሽት ታክሲ ተሰልፎ መመለስ ቀርቷል። በዚህ የሚከራከር የለም። የሚያከራክረው «ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ዕቅድ ሰርተፊኬት የያዘ ሰው የትም ባለሙያ ነው» የሚለው እምነት ነው። እምነቱ ትምህርትን፣ የሙያ ማዕረግንና የሥራ ፈቃድን አንድ ላይ ያደባልቃል። ትምህርቱን የሚሸጠው አንድ ተቋም ነው፤ ማዕረጉን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ አገር ውስጥ ሥሩ ብሎ የሚፈቅደው ደግሞ መንግሥት ያቋቋመው አካል ነው።

በፋይናንስ ዕቅድ ሙያ በስፋት የሚታወቀው ማዕረግ ሲኤፍፒ ይባላል። በአሜሪካ ማዕረጉን የሚፈልግ ሰው ኮርሱን ከመጨረስ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 170 ጥያቄ ያለው ፈተና፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት የሥራ ልምድና የሥነ ምግባር መስፈርት ይጠብቁታል። ማዕረጉን የሚሰጠው በየአገሩ ያለ አካል ነው፤ ደቡብ አፍሪካ አላት፣ ኢትዮጵያ የላትም። ስለዚህ ኮርሱ ሲያልቅ በኢሜይል የሚደርሰው ወረቀት «ትምህርቱን ተከታትሏል» ከማለት አያልፍም። የትምህርቱ ይዘትም መታየት አለበት። የአሜሪካው ኮርስ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው በዚያ አገር የግብርና የጡረታ ሕግ ላይ ነው። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ያለ አበል 10,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ የሚያገኝ ሠራተኛን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 1,650 ብር ግብር፣ በ7 በመቶ ስሌት ደግሞ 700 ብር ጡረታ ይቆረጥበታል፤ እጁ የሚገባው 7,650 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,100 ብር የጡረታ መዋጮ ይከፍልለታል። ከዚያች 7,650 ብር ላይ ዕቁቡም ዕድሩም አለ። ይህን ሰው የሚያማክር ባለሙያ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ይህን የደመወዝ ወረቀት ነው፤ የውጭው ኮርስ ግን ስለ እሱ አንድም ምዕራፍ የለውም።

«የበጀት፣ የመድንና የኢንቨስትመንት ስጋት ዕውቀት የትም አንድ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ለዕውቀት ብቻ የሚማር ሰው ገንዘቡ አልባከነም። ሥራ ለመያዝ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ደንበኛን እያማከሩ ክፍያ መቀበል ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጠይቃል። የውጭ ወረቀት ማመልከቻን ሊያጠናክር ይችላል፣ ፈቃዱን ግን አይተካም። ውጭ አገር ለመቀጠር የሚያስቡም ቢሆኑ የዚያን አገር ዲግሪ፣ ፈተናና ልምድ ማሟላታቸው አይቀርም።

እዚህ አገር በሒሳብና በፋይናንስ ዘርፍ በደንብ የሚታወቀው የኤሲሲኤ ማዕረግም ቢሆን ኮርስ በመጨረስ ብቻ አይገኝም። 13 ፈተናዎች አሉት፤ ማለፊያው ከ100 50 ነው፤ የ36 ወር የሥራ ልምድም ይጠይቃል። ከዲግሪ ለመጡ አንዳንዱ ፈተና ይቀነሳል፣ ልምዱ ግን አይቀነስም። «ማለፋችሁን ለእኛ ተዉት» የሚል አስተማሪ በእጁ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው፤ ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም እሱ አይደለም። «በቀጥታ የሚሰጥ ትምህርት ከተቀዳ ይሻላል» የሚለውም ሱሉልታ ላይ መብራት የጠፋ ማታ ይፈርሳል፤ ስልክ ላይ አውርደው የሚያዩት ቪዲዮ ግን ይጠብቃል። የተቀዳ ትምህርት ያዘናጋል የሚለው ስጋት ግን ትክክል ነው። መድኃኒቱ ቀን የተቆረጠለትና በሰው የሚታረም የልምምድ ፈተና ነው፤ ይህን የማይሰጥ ፕሮግራም ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

የምዝገባ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማዕረጉን ወደሚሰጠው አካል ድረ ገጽ ገብታችሁ የአስተማሪውን ተቋም ስም ፈልጉ። ከዚያም የፈተናው ክፍያ በኮርሱ ዋጋ ውስጥ መካተቱንና በውጭ ምንዛሪ እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ የማይመልስላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አትላኩ።