«እርጥብ» ስንት ትርጉም አለው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር መኪና ውስጥ ሆነን መብራት ይዞን ነበር። አንድ አዛውንት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ስለ እመብርሃን፣ እርጥባን» አሉ። ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ «አባዬ፣ ዌት ነገር ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ቤት ስንደርስ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

እንግሊዝኛዋን አላማሁም። «ዌት» የሚለው ቃል ብዙ ፊት እንዳለው ከትምህርት ቤት አውቃለች። በየቤታችን ያለው ዌት ዋይፕስ አለ። ገና ያልደረቀ ቀለምም «ዌት» ነው። ጨዋታ የሚያቀዘቅዝ ሰው ደግሞ «ዌት ብላንኬት» ይባላል፤ እሳት የሚታፈነው በእርጥብ ብርድ ልብስ ነውና። ልምድ የሌለው ጀማሪ «ከጆሮው ኋላ ገና አልደረቀም» ይባላል፣ ልክ እንደ አዲስ ጥጃ። የሌላ ሰው ልጅ የምታጠባ ሴት «ዌት ነርስ» የተባለችው ከማታጠባው ሞግዚት ለመለየት ነው።

ፖለቲካም ገብቶበታል። በአሜሪካ መጠጥ የሚሸጥበት አካባቢ «ዌት»፣ የሚከለከልበት «ድራይ» ይባላል። ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ድረስ መላ አገሪቱ በሕግ «ደርቃ» ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ማርጋሬት ታቸር በኢኮኖሚ ፖሊሲያቸው ያልጸኑትን የራሳቸውን ፓርቲ ሰዎች «ዌት» ይሏቸው ነበር፤ ልፍስፍስ ለማለት ነው። እኛ በተቃራኒው አልበገር ያለውን «ደረቅ» እንላለን።

የእኛስ «እርጥብ»?

በማግስቱ እናቴ ቤት ቡና ላይ ጥያቄውን አነሳሁት። እናቴ ወለሉን አሳየቻት። «ይኸው፣ እርጥብ ቄጤማ። ውሃ አልነካውም፤ ትኩስ ስለሆነ ነው።» ቀጥላም እርጥብ እንጨት ዝናብ የመታው ብቻ ሳይሆን ገና ያልደረቀው፣ እያጨሰ ዓይን የሚያስለቅሰው መሆኑን ነገረቻት። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» የሚለውን ተረትም ጨመረችላት፤ በጥፋተኛው ምክንያት ንጹሑ ሲጎዳ ማለት ነው። እኔም በዳቦ ውስጥ ድንችና ዳጣ ተደርጎ መንገድ ላይ የሚሸጠውን እርጥብ አስታወስኋት። ባንክ ገንዘብ የለውም ብሎ የሚመልሰው ቼክ ደግሞ «ደረቅ ቼክ» ነው።

«እርጥባንስ?» አለች ልጄ።

«የደረቀ ጉሮሮ የምታርስ ትንሽ ነገር ናት» አለቻት እናቴ። «ብዙ አይደለችም። ግን ደረቅ እጅ አያሰኝም።»

እኔ የትምህርት ቤት ክፍያ የምከፍለው ልጄ እንግሊዝኛ እንድትችል ነው፤ አልጸጸትም። ነገር ግን አዛውንቱ የጠየቁትን ቃል ያልገባት ልጅ ልመናውንም አልሰማችም ማለት ነው። ያን ቃል የሚያስተምርልኝ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ቤታችን ነው።

ስለዚህ አንድ ቀላል ልማድ ጀመርን። በየእሑዱ ቡና ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታመጣለች፤ አያቷ የአማርኛውን አቻ ከነዘመዶቹ ትዘረዝራለች። ስልክ አይነካም። አያት በሩቅ ያለባችሁም በስልክ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ያኔ ስልኩ ይፈቀዳል።

የሚቀጥለው እሑድ ቃል «ድራይ» ነው። እናቴ ከአሁኑ ተዘጋጅታለች።