የአራዳ ቤቶች፣ ቀላል ባቡሩና የጥገና ጉዳይ

ምህንድስና ለዘላቂ ልማት ያለው ድርሻ በአገራችን ሲነሳ ቀድመው የሚጠቀሱት ትልልቅ ግንባታዎች ናቸው፤ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተገንብቶ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አንዱ ነው። የእነዚህን ሥራዎች ፋይዳ አልጠራጠርም። ይሁንና ዕድሜያቸውን የሚወስነው ከምረቃው በኋላ ያለው ጥገና ነው፤ ለዚህም የአዲስ አበባዋ አራዳ ጥሩ ምስክር ነች። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንዱ መስመሩ ከአራዳው ምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ይደርሳል። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪካችን ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ከተማዋን ጭስ አያለብሳትም። የብረት ጎማው ግን እያደር ይበላል፣ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ሲጀምር ከ2 እስከ 6 ብር የነበረው ትኬት ይህን ወጪ ሊሸፍን አይችልም ነበር። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ የቆሙትም ቴክኖሎጂው ለእኛ ስላልሆነ ሳይሆን መለዋወጫ ስለጠፋ ነው።

የአራዳዋ ፒያሳ አሮጌ ቤቶችም ታሪካቸው ከዚህ አይርቅም። ድንጋይ መሠረት፣ በጭቃ የተያያዘ ወፍራም ግድግዳ፣ የእንጨት በረንዳና ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ አላቸው። ክፈፉ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል፤ አንድ ቆርቆሮ ተበስቶ ሳይደፈን ከከረመ ግን ውሃው ጭቃውን ያሟሟል፣ ማገሩም ይበሰብሳል። የከተማ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞሩ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራይ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የማይበቃ ሆኖ ቀረ። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ቢጎዳም ከዚያም በኋላ እንግዳ ተቀብሏል፤ የሚንከባከበው ካገኘ የዚያ ዘመን ግንባታ ዕድሜ አያንሰውም።

በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የተሰጠው ምክንያት ከባድ ነው፦ ቤቶቹ የተጨናነቁ፣ ለእሳት የተጋለጡ፣ ብዙዎቹም በቂ መጸዳጃ የሌላቸው ነበሩ። እውነት ነው፤ ለነዋሪው ያ ኑሮ ቅርስ አልነበረም። ነገር ግን መጸዳጃና የፍሳሽ መስመር የምህንድስና ጥያቄዎች ናቸው፤ ግድግዳውን ሳያፈርሱ ሊመለሱ የሚችሉባቸው ቤቶችም ነበሩ። በምትኩ የሚቆመው ሕንፃ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ስለሚሠራ ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ገደማ ይይዛል። ድሃ አገር መጀመሪያ መገንባት አለባት፣ ጥገናው ይደርሳል የሚሉም አሉ። እኔ ግን ሁለት ጊዜ መገንባት የማትችለው ድሃ አገር ናት እላለሁ። ስለዚህ አዲሱ የኮሪደር መብራትና የብስክሌት መንገድም የጥገና በጀቱ ከግንባታው ውል ጋር አብሮ ሊጸድቅለት፣ የድንጋይና የጭቃ ሥራ የሚያውቁ ግንበኞችም በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሊሠለጥኑ ይገባል።