ከጠባይ በላይ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች በቡታጅራ ገጠር አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎችን ስለ አእምሮ ሕመም ምልክቶች ጠይቀው ነበር። ከመልሶቹ ጎልተው የወጡት መለፍለፍ፣ ጠበኛነትና እንግዳ ጠባይ ናቸው። አይገርምም። የሚለፈልፈውን መንደሩ በሙሉ ይሰማዋል፤ ከአልጋዋ መነሳት ያቃታት ሴት ግን «ደክሟት ነው» ተብላ ትታለፋለች።

በዩኒቨርሲቲዎች «አብኖርማል ሳይኮሎጂ» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት በመጀመሪያ የሚሞግተው ይህንኑ ለዓይን በሚታየው ብቻ የመፍረድ ልማድ ነው። ከሌላው ሰው የተለየ ሁሉ ታማሚ ከተባለ ምን እንደሚከተል ታሪክ መዝግቦታል። ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 ከጌቶቻቸው ለሚያመልጡ ባሪያዎች «ድራፔቶማኒያ» የሚል የበሽታ ስም አወጣላቸው። መከላከያ ብሎ ካዘዘው አንዱ ግርፋት ነበር። ይህ በሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጽሑፍ ነው!

ስለዚህ ባለሙያው ሌሎች ጥያቄዎችን ይደራርባል። ሰውየው እየተሠቃየ ነው? ሥራው፣ ትዳሩ፣ እንቅልፉ ተናግቷል? ለራሱ ወይም ለሌላው ያሰጋል? ያደገበት ማኅበረሰብስ ነገሩን እንዴት ያየዋል? አንዱ መልስ ብቻውን አይበቃም። ልጇን ቀብራ ደረቷን የምትደቃ እናት ሥቃይዋ ከባድ ነው፤ ታማለች የሚል ግን የለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ዛርን ኢትዮጵያን ጠቅሶ ሲያሰፍር፣ በአካባቢው እንደ ሕመም እንደማይቆጠር አብሮ ጽፏል።

ጊዜም ዳኛ ነው። ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሕሙማኑን ታሪክ በካርድ እየመዘገበ ለዓመታት ተከታተለ። ዛሬ ስኪዞፍሬንያ የምንለውን፣ ስሜት ከልክ በላይ ከሚወጣና ከሚወርድበት ሕመም የለየው በአንድ ቀን ምልክት ሳይሆን ሕመሙ በሄደበት መንገድ ነው። በአሁኑ የአሜሪካ መመሪያ ድባቴ ለመባል ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት መቆየት አለባቸው፤ ከአምስቱ አንዱም የከፋ ሐዘን ወይም ደስ ይል ለነበረው ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት መሆን ይኖርበታል። ስኪዞፍሬንያ 6 ወር ይጠይቃል። በ13ኛው ቀን ጤነኛ፣ በ14ኛው ሕመምተኛ መባል ያስቃል። ሆኖም እንደ ወባ በደም ምርመራ የሚለይ ባለመሆኑ መቁጠሩ ሐኪም እንዳሻው ከመፍረድ ይሻላል።

የአእምሮ ሕመም መንስኤ አንድ አይደለም። በዘር ፍጹም አንድ ከሆኑ መንትዮች አንዱን ስኪዞፍሬንያ ቢይዘው፣ ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ዕድል ከግማሽ አያንስም። ውርስ መንገዱን ይጠርጋል፤ የአስተዳደግ፣ የኑሮ ጫናና የሱስ ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው።

ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው ክሎርፕሮማዚን የተባለ መድኃኒት ቀይሮታል። እኛ ዘንድ ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉና ክኒኑ የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያሳስበኝ «ጠበል ከጀመርክ መድኃኒቱን ተው» የሚለው ምክር ነው፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው ክኒኑ ሲቋረጥ ነውና።